በበርሜል የተጋገረው ፒዛ

ካርቶኑ ገና ትኩስ ነበር። የልጅ ልጄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝና ሙቀቱ ጋቢዬን አልፎ ጭኔ ላይ ተሰማኝ። ሥሩ ዘይት ጠጥቶ ወይቧል። ክዳኑ ሳይከፈት ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ የበሰለ ቲማቲም፣ የቀለጠ አይብ፣ ጠርዙ ለብለብ ያለ የስንዴ ዱቄት። ቲማቲሙንና አይቡን ተወው። ያ የተለበለበ ዱቄት ሽታ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

«አባባ፣ ፒዛ ይባላል» አለችኝ። «ይቅመሱት እስኪ። ጥርስ አያስቸግርም።»

«ፒዛ አውቃለሁ።»

«ከየት አውቀውት ነው? መናኸሪያው ጋ ያለው ቤት ከተከፈተ እኮ ገና ወሩ ነው።»

«አባትሽ ሳይወለድ በልቻለሁ።»

«እሺ ይሁን፣ በልተዋል» ብላ ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል።

ትንሽ ብትቆይ እነግራት ነበር። ስልኳ ጠራና እያወራች ወደ ግቢው በር ሄደች፤ ስትመለስ ነገሩ ተረስቷል። ጉንጬን ስማኝ ወጣች። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራው። እሑድ እሑድ መጥታ ታየኛለች፤ ከዚያ በላይ ጊዜ የላትም፣ አልፈርድባትም። አባቷ ይሄን ቤት መካነ ኢየሱስ ከተማ ሠርቶ ከገጠር አምጥቶ ሲያስገባን ባለቤቴ በሕይወት ነበረች። አሁን እኔና ግድግዳው ነን። የሰው ድምፅ ከመንገድ ይመጣል፣ መስኮቴ ሥር ሲደርስ ይጠነክራል፣ ከዚያ ያልፋል። እንግዲህ የሚያስቸኩልህ ከሌለ ለአንተ ልንገርህ።

በመጀመሪያ ስለ ካርቶኑ ፒዛ እውነቱን ልናገር፤ አይከፋም። ዳቦው ለስላሳ ነው፣ እንዲያውም ከልኩ አልፎ ለስልሶ ጥጥ የምታኝክ ይመስልሃል። ቲማቲሙ ስኳር አለበት። አይቡ እንደ ሙጫ ይሳባል። ትኩሱን አንድ ቁራጭ በደስታ በላሁ። ጥቂት ቆይቼ ሁለተኛውን ሳነሣ ግን እንደ ጫማ ሶል ደርቆ ጠበቀኝ። ርካሽ ነው ብላኛለች፤ ተማሪው እየተጋፋ ነው የሚገዛው አሉ። ይግዛ፣ ምን ከፋ። የጋገረው ሰው ለማን እንደጋገረ አያውቅም፣ የሚበላውም ማን እንደጋገረለት አይጠይቅም። እኔ የማውቀው ግን እንደዚያ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። አገራችን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ ነው። ከቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ ሜዳ ላይ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተተከለ፤ የቆርቆሮ ቤት፣ ድንኳን፣ ዶዘር፣ የናፍጣ በርሜል። እኔ ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ልቀጠር ስል አባቴ አልወደዱትም። የደብራችን ቄስ ነበሩ፤ እያረሱ የሚቀድሱ ሰው። ዳዊት ሊያስደግሙኝ ብዙ ደክመዋል፤ እኔ ግን ፊደል ቆጥሬ፣ ጥቂት ማንበብ ችዬ ቀረሁ። በመጨረሻ ደጃፍ ላይ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ሂድ። የሁሉ አገር ሰው አለ እዚያ፤ ሁሉም እንደ ልማዱ ይበላል። አንተ ግን ጾምህን እንዳትሽር። ደግሞ ስትጾም ጾመኛ ነኝ እያልክ አትታይ፤ በአንተና በፈጣሪህ መካከል ይቅር።»

ሁለቱንም ቃል ሰጠኋቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መጠበቅ ምን እንደሚያመጣብኝ ከየት ልወቅ።

የካምፑ ወጥ ሠሪ አስመራ ተወልዳ ያደገች ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ መካኒክ ነው፤ ዶዘሩ ሲሰበር ብረቱን የሚበይደው እሱ ነው። እናትና አባት ስላልነበሯቸው እሱ በሄደበት እሷም ትከተላለች። ቀጠን ያለች ናት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ትሠራለች፣ ስትሠራ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከእኔ ብትበልጥ በአንድ ዓመት ነው።

ከእኛ መንደር የሄድነው ሠራተኞች ከእሷ ድስት አንበላም ነበር። ስንቅ ይዘን እንውላለን። ስንቁ ሰበብ ነው፤ ነገሩ ያለው ወንድሟ ላይ ነበር። ብረት በእሳት የሚሠራ ሰው በእኛ ዘንድ ቀጥቃጭ ይባላል፣ የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል ይባላል። እንኳን ከማዕዱ መቁረስ ፊት ለፊቱ መጉረስም ያስፈራ ነበር። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከአባቱ የሰማውን ይዞ ነው። እኔም ይሄንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ወንድምና እህቱም የሚባለውን ያውቁ ነበር፤ ዝም ይላሉ እንጂ።

ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት የፉርኖ ዱቄት የሚያመጣው መኪና ዘገየ። ፎርማኑ ከአካባቢው ሰው የስንዴ ዱቄት ያለው እንዳለ ጠየቀ። ቤታችን ቅርብ ስለሆነ እኔ አለን አልኩ። በማግስቱ አንድ ስልቻ ተሸክሜ ወደ ማድ ቤቱ ሄድኩ። እናቴ ሰው ዘንድ ስልቻ ብቻ ይዞ አይኬድም ብላ በቅል አይብ ጨምራልኝ ነበር።

ወጥ ሠሪዋ ከዱቄቱ አንድ ጭብጥ ዘግና አሸተተችው።

«ዱቄት ማለት ይሄ ነው» አለች። «በከረጢት የሚመጣልን አቧራ ነው።» ቀጥላም ቅሉን አየችው። «ይሄስ?»

«አይብ ነው። እናቴ ናት የላከችው።»

«እናትህ ፒዛ ታውቃለች እንዴ?»

«ምን ታውቃለች?»

ቅሉን ከእጄ ወሰደች። «ከሥራ ስትወጣ ና፣ ባለ ዱቄቱ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጧል። ልነካው ስል እጄን መታችኝ። «ተወው፣ ተኝቷል።» ወንድሟ የናፍጣ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ፣ አጥቦና አቃጥሎ፣ ውጪውን በጭቃ ለስኖ ምድጃ ሠርቶላታል። ሊጡ ኩፍ ሲል አንሥታ በሁለት እጇ እያዞረች አሰፋችው። የሳልሳ ቆርቆሮ በቢላዋ ከፍታ፣ ሳልሳውን በነጭ ሽንኩርት አቁላልታ ቀባችው። የእናቴን አይብ በጨርቅ ጨምቃ፣ ጨው ነካ አድርጋ በተነችበት። መጨረሻ ላይ የበሶብላ ቅጠል ቀነጣጥሳ ጣል ጣል አደረገች። ከዚያ ወደ በርሜሉ፤ ከታችም ፍም፣ ከላይም በቆርቆሮ ክዳን ላይ ፍም።

ጸሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ብርሃኑ በማድ ቤቱ የቆርቆሮ ቀዳዳዎች እየገባ ጭሱ ላይ ይሰነጠቃል። ያ የዱቄት ሽታ የመጣው ያኔ ነው።

ቆርሳ ሰጠችኝ። አንድ የመንደራችን ሽማግሌ ድንጋይ ፈላጭ ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ሲያልፍ አየኝና ቆመ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ዛሬ በልተህ ነገ በቃሬዛ እንዳንሸከምህ።»

ሰምታዋለች። ወደ እሱ አላየችም፣ ወደ እኔ እጅ ነው ያየችው። ጎረስኩ። ስለራበኝ ይሁን ስለ እሷ ዓይን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አገጬን እያየች ቆየችና «አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ።»

«እንግዲያው ድገም።»

ጣዕሙን እንዴት ልንገርህ። የእኛው ስንዴ ነው፣ የእናቴ አይብ ነው፣ ከልጅነቴ የማውቀው ሁሉ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት በልቼው አላውቅም። ጠርዙ ይሰበራል፣ ሆዱ ይሞቃል፣ የሳልሳው ኮምጣጣነት አይቡን ያነቃዋል። በሶብላው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቀዝቅዞም ይበላል፤ በማግስቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የተረፈኝን በላሁት፣ እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ጊዜ፣ ይሄ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፣ ባለቤቴን አሠራሩን ነግሬያት ነበር። ነፍሷን ይማረውና እጇ ሙያ ነበረው፤ ያልኩትን ሁሉ አደረገች፣ በድስት ክዳን ላይ ፍም አድርጋ ጋገረችው። በላነው፣ ጣፈጠንም። «ይሄ የተቀባ ቂጣ ነው እንጂ ምን ስም ያስወጣዋል» ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ «ማን አሳየህ?» አለች። «ካምፕ ሳለሁ ያየሁት ነው» አልኳት። ፊቴን አየችና ሌላ አልጠየቀችም። ጥሩ ሰው ነበረች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጊዜው ሃምሳው ቀን ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ እንደምታውቀው ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ቤታችን ወተቱም አይቡም ሞልቷል፣ እኔም በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቅል ይዤ እመጣለሁ፣ እሷ ትጋግራለች። ልብ በል እንግዲህ፤ እኔን ያወቀችኝ በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። ስጾም አይታኝ አታውቅም። የቄስ ልጅ መሆኔንም አልነገርኳትም። ካምፕ ውስጥ የቄስ ልጅ ከተገኘ «ማዕዳችንን ባርክልን» እያሉ መቀለጃ ያደርጉታል፤ አባትህ ምንድን ናቸው ስትለኝ አራሽ ናቸው ብዬ አለፍኩ። ውሸትም አልነበረም።

ሊጡ እስኪነሣ እናወራለን። እሷ ስለ አስመራ፣ እኔ ስለ በሬዎቻችን። ፒዛ ያስተማረቻት እናቷ ናት። አስመራ በሱቅም ይሸጣል አለችኝ፤ እናቷ ግን «የሱቁን የሚበላው የሚጋግርለት የሌለው ነው» ትል ነበር። ይሄንን ቃል ያለፈው እሑድ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ አስታወስኩት።

አንድ ቀን ወንድሟ ግሪስ የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ተጫዋች ሰው ነበር።

«ባለ ዱቄቱ፣ ክረምት ሲገባ ይሄ ካምፕ ይነሣል። እኛ ከወልድያ ማዶ ወደሚጀመረው መንገድ ነን። ረዳት ያስፈልገኛል። ትመጣለህ?»

«ብረት አላውቅም።»

«ድንጋይም ሲወለዱ አያውቁትም፣ ተምረህ ነው። እስክንሄድ አስብበት።» ወደ እህቱ በአገጩ ጠቆመና «ካልመጣህ ደግሞ እኔን ነው የምትቆጣኝ» አለ።

እሷ ሊጥ የነካውን እጇን እያየች «እኔ ምን አገባኝ» አለች። ጆሮዋ ግን ቀላ። መምጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። ወላጅ ስለሌላት ሽማግሌ የሚላከው ወደ እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩበት መንገድ መቼ እንዳለቀ አላውቅም። ልቤ እሺ ብሎ ጨርሷል። አፌ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም ለመሄጃው ቀን አስቀመጥኩት።

ከዚያ ጰራቅሊጦስ አለፈና የሰኔ ጾም ገባ።

የሰኔ ጾም እንደምታውቀው የሐዋርያት ነው። ሁሉም ሰው አይጾመውም፤ በብዙ አገር የቄስ ጾም ብለው ትተውታል። ካምፑ ውስጥ ማንም ከነገርም አልቆጠረው፣ ሥጋው ይቀቀላል። እኔ ግን ቃሌ አለብኝ። ቃሌ ደግሞ ሁለት ነው፤ መጾምም፣ አለመታየትም። በመጀመሪያው ቀን ወጥ ሠሪዋ ስትጠራኝ ምን ብዬ ልመልስ፤ «ሆዴን አሞኛል» አልኩ። በሁለተኛው ቀንም ሆዴን። በሦስተኛው ቀን አብሽ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ በጣሳ ይዛልኝ ድንጋዩ ድረስ መጣች። «ጠጣው፣ ሆድ ያስራል» አለችኝ። አብሽ ጾም አይሽርም፣ ጠጣሁት። ለሌለ በሽታ መድኃኒት ስጠጣ እሷ ፊቴን እያየች ቆማለች። ያ መራራ ጣዕም ከምላሴ ጠፍቶ አያውቅም።

አይቡ ሲቋረጥባት ጠየቀችኝ። በጾም አይብ ይዤ ብወጣ እናቴ ምን ትለኛለች። «ላሟ ነጥፋለች» አልኩ። ለሁለት ቃል ብዬ ሁለት ውሸት ዋሸሁ፤ ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ካምፑ ሊነሣ አንድ ቀን ቀረው። ዝናብ ጀምሯል፣ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ሜዳው ጭቃ ብቻ ሆኗል። መኪናው ጠዋት ይነሣል ተባለ። ከሰዓት በኋላ መልሴን ይዤ ወደ ማድ ቤቱ ሄድኩ። ዕቃው ሁሉ ታሽጓል፤ በርሜሉ ብቻ ይጨሳል። ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ።

ፒዛው ተጋግሮ ጠብቆኛል። የመጨረሻዋን የሳልሳ ቆርቆሮ ለዚያ ቀን ብላ ደብቃት ኖሯል። አይብ ስላጣች የዱቄት ወተት በጥብጣ፣ አፍልታ፣ በሎሚ አርግታ፣ አጥልላ አይብ አድርጋዋለች። «ላምህ ብትነጥፍ እኔ አልነጠፍኩም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ዱቄት አለ። ወንድሟ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

«በመጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ ትነግረናለህ» አለኝ።

ቆረሰችና ዘረጋችልኝ። እጄ አልተነሣም።

«ጾም ነው» አልኳት።

«የምን ጾም?»

«የሰኔ።»

«የሰኔን የሚጾም ቄስ ነው። አንተ ቄስ ነህ?»

የቄስ ልጅ ነኝ ለማለት አንድ እስትንፋስ ይበቃ ነበር። ግን ያን ሁሉ ቀን የደበቅኩት ነገር እንደ ውሸት ሆኖ ከፊቴ ቆመብኝ።

«ሆዴን አሞኛል አልክ» አለች ቀስ ብላ። «አብሽ አጠጣሁህ። ላሟ ነጠፈች አልክ፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ጾም ነው። የቱን ልመን?»

«ይሄኛው እውነት ነው።»

«ሰዎችህ ነገሩህ አይደል? ስለ እኛ የሚሉትን።»

«አይደለም። ያኔ በልቼ የለም?»

«ያኔ በልተሃል። ዕድሜ ልክ ሲሆን ፈራህ።»

ወንድሟ መሳቁን ትቷል። ከተቀመጠበት ተነሣና ወደ ዝናቡ ወጣ። እሷ የዘረጋችውን ቁራጭ ወደ ቦታው መለሰችው። ሁሉንም እንዳለ በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጨርቅ ጠቀለለችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ገና ይፋጅ ነበር።

«ውሰደው። እውነት ጾም ከሆነ ሲፈታ ትበላዋለህ።» ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ገና ሲነጋ ልብሴን በጨርቅ ቋጥሬ መጣሁ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም፤ ሰው እልካለሁ ብዬ ነው። መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል። እሷ ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች። ወንድሟ መስኮቱን ዝቅ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ቦታ የለም» አለኝ።

«ትናንት አለ ብለኸኝ ነበር።»

«ትናንት ነበር።»

በእሱ ትከሻ በኩል ወደ እሷ አየሁ። ፊቷን ወደዚያኛው መስኮት እንዳዞረች ነው። ስሟን ብጠራ ትዞር ነበር ይሆን? አልጠራሁም። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወጣ፣ በመታጠፊያው ላይ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ድምፁ ብቻ ቀረ። ድምፁ ከገደሉ ማዶ ብዙ ጊዜ ይሰማ ነበር። ቋጠሮዬን ይዤ ጭቃው ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የመኪና ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር ስለ መካኒኩ እጠይቅ ነበር። አንዱ ወደ ሌላ ካምፕ ሄዷል አለኝ፣ ሌላው አገሩ ገብቷል አለኝ። ኋላ ጊዜው ከፋ፤ መንገዱም ተዘጋ፣ አስመራም ሌላ አገር ሆነች። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ። እሷ ካለች አርጅታለች። ስለ እኔ የምታውቀው የመጨረሻ ነገር ከእጇ አልበላም ማለቴን ነው። ይሄ ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ። ሌላውን ዕድሜ ወስዶታል።

ፒዛውን ግን አልጣልኩትም። ቤት ወስጄ ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ ሰቀልኩት። እናቴ ምንድን ነው ስትለኝ ዳቦ ነው፣ አትንኪብኝ አልኳት። አሥር ቀን ያህል ቆየ። ጭሱ አደረቀው፣ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ አሻገተው። በየቀኑ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ሐምሌ አምስት ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሆነና ጾሙ ተፈታ። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ በዝናብ የራሰውን ካባቸውን አውልቀው፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ወተትና እንጀራ አቀረበች። እኔ ተነሥቼ ጨርቁን ከቆጡ አወረድኩና ፈታሁት። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ተኝቶበታል፣ በሶብላው ተኮማትሮ አመድ መስሏል።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባቴ።

«ዳቦ ነው፣ አባ።»

«ሻግቷል እኮ።»

«አውቃለሁ። ጾሙን በእሱ ልፈታ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ወጥ ሠሪዋ፣ ስለ ወንድሟ ብረት፣ ሰዎች ስለሚሉት፣ ስለ ሆዴ፣ ስለ ላሟ፣ ልብሴን ቋጥሬ ስለወጣሁበት ጠዋትም ጭምር። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ዝናቡ የሳር ክዳኑን እየመታ ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን መጥተህ አልጠየቅከኝም?» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«ሰው ሊያዝንብኝ ነው ብለህ። ብላ እልህ ነበር። ቀኑን በሌላ ቀን ትከፍለዋለህ፤ እኔም አብሬህ እሰግድ ነበር።» ቀጥለውም «ግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ።

ጨርቁን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት። 

ቢላዋ አንሥተው ሻጋታውን ቀስ እያሉ ፋቁት። እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር በጉልበታቸው ሰበሩት። ሰው ሲያያቸው፣ እንኳን የቀጥቃጭ ዳቦ ሊበሉ፣ የማያውቁትን ሰው ውኃ የማይጠጡ ቄስ ይመስሉ ነበር። አማተቡ፣ አንዷን ስባሪ አፋቸው ውስጥ አስገቡ። ወተቱ ውስጥ አልነከሩትም። ጥርሳቸው ጥቂት ነበር፣ ማኘኩ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፤ እኔም ጠበቅኋቸው።

«ጨው አላነሰውም» አሉ ሲውጡ። «እጇ ልከኛ ነው።»

የቀረውን ከፍለው ትልቁን ወደ እኔ ገፉት። ሁለታችንም በተከፈተው በር ዝናቡን እያየን ጨረስነው።